እናት አልባዋ ጫጩት፦ ከጋይንት ጎጆ እስከ ሄልሲንኪ ቤተ ሙከራ

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይላሉ አበው። ተረቱ የሚነገረው ስለ ትዕግሥት ነው። ነገር ግን ሳይናገር ያለፈው አንድ ነገር አለ። እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው ሃያ አንድ ቀን ሙሉ የታቀፈችው እናት ስላለች ነው። ከተፈለፈለም በኋላ ሁለትና ሦስት ወር ክንፏን ዘርግታ ከብርድና ከጭልፊት የምታተርፈው እሷው ናት። ለመሆኑ እናቲቱ ከተረቱ ብትወጣስ?

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ አይደለም። ያለፉት ሰባ ዓመታት የኢትዮጵያ የዶሮ ልማት ታሪክ፣ በአንድ ጎኑ ሲታይ፣ እናቲቱን ከተረቱ የማውጣት ታሪክ ነው። እንቁላሉ ማሽን ውስጥ ገባ። ጫጩቷ ቀዳዳ ባለው ካርቶን ተደርድራ መኪና ላይ ተጫነች። ከባሕር ዳር ተነስታ ወረታን፣ ደብረ ታቦርን፣ ጋሳይን አልፋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ወዳለችው የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ ወጣች። ከዚያ ወደ ታች ጋይንት፣ ወደ ስማዳ ቆላና ደጋ ወረደች፤ በሌላ መንገድም እስቴ ገባች። እዚያ የሚቀበላት ሞቃት ላባ የለም። የሚቀበሏት ብዙ ጊዜ አንዲት እናት ናቸው፤ ከጫጩቷ ደግሞ የልጅ ደብተር፣ ጨውና ጋዝ ይጠብቃሉ።

ጫጩቷ ከሳምንት በኋላ በሕይወት አለች ወይስ የለችም? ለአዲስ አበባ ሪፖርት ይህ ትንሽ ቁጥር ነው። ለጋይንት ጎጆ ግን የዓመት ዕቅድ ነው።

የጋሳይ ዶሮ

ዶሮ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለችም። በትግራይ፣ መዝበር በተባለ ከአክሱም ዘመን የሚቀድም የመንደር ፍርስራሽ ውስጥ የተገኘ የዶሮ አጥንት በአፍሪካ ከተገኙት ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት ነው፤ ዕድሜው ወደ 2,800 ዓመት ይጠጋል። ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ሄሊና ወልደኪሮስና ካትሪን ዲአንድሪያ ናቸው። ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ፣ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን የአገር ዶሮ ያጠኑት ሃሊማ ሐሰን እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ሥራ ከለዩዋቸው የዶሮ ዓይነቶች አንዱ "ጋሳይ/ፋርጣ" የሚል ስም ይዟል። ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ የተጓዘ ሁሉ የሚያውቃት ጋሳይ በዶሮ ሳይንስ መዝገብ ላይ ሰፍራለች ማለት ነው።

የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው ይባላል። ለከተማ ነጋዴ ይህ ስንፍና ይመስላል። ነገር ግን የሐበሻ ዶሮ ዓመቱን የምታሳልፈው እንቁላል በመጣል ብቻ አይደለም። ትጥላለች፣ ትታቀፋለች፣ ትፈለፍላለች፣ ታሳድጋለች፤ ከዚያ እንደገና ትጀምራለች። ማሽን፣ አሳዳጊ፣ ዘበኛና አስተማሪ ናት። የጋይንት ሴቶች ይህንን ጠንቅቀው ያውቃሉ። የምታስታቅፈዋን ይመርጣሉ፤ ቁጡዋን፣ ሰውነተ ሰፊዋን፣ ጭልፊት ሲያይ የምትጮኸዋን። ጊዜም ይመርጣሉ። ክረምት ለጫጩት ጠላት ነው፤ በጋው ሲገባ፣ አዝመራ ተሰብስቦ አውድማ ላይ ጥሬ ሲወድቅ የተፈለፈለች ጫጩት የተሻለ ዕድል አላት።

እንዲያም ሆኖ ኪሳራው ብዙ ነው። በተለያዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የተደረጉ ጥናቶች የሚስማሙበት ነገር ቢኖር፣ በገጠር ከሚፈለፈሉ ጫጩቶች ግማሽ የሚጠጉት ሁለት ወር ሳይሞላቸው እንደሚጠፉ ነው። ፈንግል፣ ብርድ፣ ጭልፊት፣ ሽለምጥማጥ፣ ድመት ይካፈሏቸዋል። እናት እያለች ግማሽ ከጠፋ፣ እናት ሳትኖር ስንት ይጠፋል?

ማሽኑ እናት ሲሆን

እንቁላልን ያለ ዶሮ መፈልፈል አዲስ ነገር አይደለም። የጥንት ግብፃውያን በጭቃ ምድጃ ይፈለፍሉ ነበር፤ አርስጣጣሊስም በግብፅ እንቁላል ፍግ ውስጥ ተቀብሮ እንደሚፈለፈል ጽፏል። ፈረንሳዊው ሬኦሙር እ.ኤ.አ. በ1749 በዚሁ ጉዳይ ላይ መጽሐፍ አሳተመ። ወደ ኢንዱስትሪ የቀየሩት ግን አሜሪካውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1879 ላይመን ባይስ የተባለ ሰው በካሊፎርኒያ ፔታሉማ ከተማ የሠራው መፈልፈያ ከተማዋን የእንቁላል ዋና ከተማ አደረጋት።

ከዚያ በኋላ ነጋዴዎች አንድ የተፈጥሮ ምሥጢር ተጠቀሙ። ጫጩት ከመፈልፈሏ በፊት የእንቁላሉን አስኳል ቅሪት ወደ ሆዷ ትስባለች። ይህ ስንቅ ሁለትና ሦስት ቀን ያለ ምግብና ያለ ውኃ ያቆያታል። ተፈጥሮ ስንቁን የሰጠቻት የዘገዩ ወንድምና እህቶቿ እስኪፈለፈሉ እናቷ ሥር እንድትቆይ ነበር። ነጋዴው ግን "ሦስት ቀን ካለኝ በባቡር እልካታለሁ" አለ። እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ የአሜሪካ ፖስታ ቤት የአንድ ቀን ጫጩት እንደ ደብዳቤ ተቀብሎ ማድረስ ጀመረ። ዛሬ ወደ ነፋስ መውጫ የምትወጣዋ ካርቶን የዚያች የፖስታ ካርቶን የልጅ ልጅ ናት።

በኢትዮጵያ ታሪኩ የሚጀምረው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። በጅማ የግብርና ትምህርት ቤትና በአለማያ ኮሌጅ፣ በአሜሪካው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እገዛ፣ ሮድ አይላንድ ሬድና ነጭ ሌግሆርንን የመሰሉ ዝርያዎች ገቡ። ሕዝቡ "ፈረንጅ ዶሮ" አላቸው። ቢሾፍቱ የምርምርና የክትባት ማዕከል ሆነች፤ የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1964 እዚያው ተቋቋመ። በክልሎች የዶሮ ብዜት ማዕከላት ተከፈቱ፤ ለጎጃምና ለጎንደር ቅርብ የሆነው ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ያለው አንዳሳ ነው። ከማዕከላቱ ፍሬያማ እንቁላል፣ የአንድ ቀን ጫጩት፣ ቄብና አውራ ለገበሬ ተከፋፈለ።

በ1997 ዓ.ም. የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከተረጂዎቹ ወረዳዎች መካከል ነበሩ። መሬቱ በተራቆተበት፣ እርሻው ገደል ላይ በተንጠለጠለበት አገር ዶሮ ጥሩ መፍትሔ ትመስላለች፤ መሬት አትጠይቅም፣ በሬ አትጠይቅም፣ ሴቷ ራሷ ታዝበታለች። በ2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የሆነው "የሌማት ትሩፋት" ደግሞ እንቁላልና የዶሮ ሥጋን ከወተትና ከማር ጋር የአገር አጀንዳ አደረጋቸው። በሁሉም ዘመን ሪፖርቱ አንድ ዓይነት ግሥ ይወዳል፦ "ተሰራጨ"። ይህን ያህል ጫጩት ተሰራጨ። "አደገ" የሚለው ግሥ ግን በሪፖርቱ ብዙም አይገኝም።

በጫጩት ሆድ ውስጥ ያለው ባዶ ቤት

እናቲቱ ስትቀር ምን እንደጎደለ ሰው ሁሉ የሚያየው ሙቀቱን ነው። የማይታየውን ለመረዳት ግን ሳይንሱ መቶ ዓመት ያህል ወስዶበታል።

ነገሩ የሚጀምረው በእርጎ ነው። በዛሬዋ ዩክሬን፣ በካርኪቭ አካባቢ የተወለደውና በፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ኤልያ ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1907 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የቡልጋሪያ ገበሬዎች ዕድሜ የሚረዝመው እርጎ ስለሚጠጡ ሊሆን ይችላል አለ። በእርጎው ውስጥ ያሉት ሕያዋን ባክቴሪያዎች አንጀት ውስጥ ያሉትን ጎጂዎች ይገፋሉ የሚል ግምት ነበረው። በዓመቱ የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ የተሸለመው ግን በእርጎው ሳይሆን ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል ባጠናው ጥናት ነው። የእርጎው ሐሳብ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሽማግሌ ቅዠት ተደርጎ ተቆጠረ።

ሐሳቡን ከሞት ያስነሳችው ጫጩት ናት። እ.ኤ.አ. በ1971 በፊንላንድ የዶሮ እርባታዎች ሳልሞኔላ ኢንፋንቲስ የተባለ ተሕዋስ ተስፋፋ። በሄልሲንኪ የሚሠራው የእንስሳት ሐኪም ኤስኮ ኑርሚ አንድ ነገር ግራ አጋባው። ትልልቅ ዶሮዎች ተሕዋሱን ይቋቋሙታል፤ የአንድ ቀን ጫጩት ግን በጥቂቱ ትያዛለች። ልዩነቱ ምንድን ነው? የኑርሚ መልስ ቀላል ነበር። የትልቁ ዶሮ አንጀት ሰው የሞላበት ቤት ነው፤ እንግዳ መቀመጫ አያገኝም። የማሽን ጫጩት አንጀት ግን ባዶ ቤት ነው። እንቁላሉ በመድኃኒት ታጥቧል፣ ማሽኑ ንጹሕ ነው፣ እናት የለችም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የገባው ሁሉ ባለቤት ይሆናል።

ኑርሚና ባልደረባው ራንታላ ከጤናማ አውራ ዶሮዎች የአንጀት ይዘት ወስደው ለአዲስ ጫጩቶች ሰጧቸው። ጫጩቶቹ ሳልሞኔላውን ተቋቋሙ። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1973 "ኔቸር" በተባለው መጽሔት ታተመ። በሌላ አነጋገር ሁለት ሳይንቲስቶች፣ በቤተ ሙከራ፣ አንዲት የጋይንት ዶሮ በየቀኑ የምትሠራውን ሥራ ሠሩ ማለት ነው። እናት ዶሮ ስትጭር፣ ጫጩቶቿ እሷ በቆመችበትና ኩስ በጣለችበት አፈር ላይ ሲለቅሙ፣ ውርስ እየተላለፈ ነው። ይህን ውርስ ማንም አልጻፈውም፤ ማንም በበጀት አልያዘውም።

ፕሮባዮቲክ የሚለው ቃል ከዚህ በኋላ ገበያ ወጣ። የዓለም የምግብና የጤና ድርጅቶች ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2001 በአርጀንቲና ኮርዶባ ተሰብስበው ትርጉም ሰጡት፦ በበቂ መጠን ሲሰጡ ለተቀባዩ የጤና ጥቅም የሚያስገኙ ሕያዋን ረቂቅ ተሕዋስያን። በዚህ ትርጉም ውስጥ ሦስት ቃላት ይመዝናሉ፦ "ሕያዋን"፣ "በበቂ መጠን" እና "ጥቅም"። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ዱቄቱ ዱቄት ብቻ ነው።

የበቀቀን ትምህርት

እናት አልባነትን ከዶሮ ይበልጥ አጉልቶ የሚያሳይ ወፍ አለ፤ በቀቀን። የዶሮ ጫጩት በተፈለፈለችበት ቀን ትራመዳለች፣ ትለቅማለች። የበቀቀን ጫጩት ግን ዕውርና ራቁቷን ነው የምትወጣው። ወላጆቿ ምግቡን አንገታቸው ሥር ባለው ከረጢት ካለዘቡ በኋላ ወደ አፏ ይመልሱላታል። ከምግቡ ጋር ተሕዋስያኑም ይገባሉ። የኢትዮጵያ ደጋ ደኖች የራሳቸው በቀቀኖች አሏቸው፤ ግንባረ ቢጫው በቀቀን በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ነው፤ ጥቁር ክንፍ ያለው ትንሹ በቀቀን ደግሞ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ነው። እነሱን ማንም በእጅ አያሳድጋቸው፤ የዛፍ ቀዳዳ እስካለ ድረስ ይበቃቸዋል።

በሌላው ዓለም ግን ነገሩ ንግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1981 ከጥቂቶች በቀር የበቀቀን ዝርያዎች ሁሉ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገቡ። አሜሪካ በ1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በሕግ፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ቆይቶ የዱር ወፍ ማስገባትን ገደቡ። የሚሸጠው በቀቀን ከቤት እርባታ እንዲመጣ ግድ ሆነ። አርቢዎች እንቁላሉን በማሽን ፈልፍለው፣ ጫጩቷን በመርፌ ቱቦ ወይም በማንኪያ ገንፎ እያጎረሱ ማሳደግ ጀመሩ። ችግሩም ተከተለ፤ ገንፎው በአንገቷ ከረጢት ውስጥ ይቆማል፣ ይኮመጥጣል፣ ፈንገስ ያበቅላል፣ ጫጩቷ ትሞታለች። ያን ጊዜ ነው ፕሮባዮቲክ ወደ ገንፎው መጨመር የጀመረው።

ከዚያ ልምድ ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛው፣ ለሰው ወይም ለዶሮ የተዘጋጀ ባክቴሪያ በበቀቀን አንጀት ውስጥ ቤት ይሠራል ብሎ ማመን እንደማይቻል ነው፤ እንግዳው ሲሰጥ ይታያል፣ ሲቆም ይጠፋል። ሁለተኛው ይበልጣል። ገንፎው ቀዝቅዞ ከተሰጠ፣ ቱቦው ካልታጠበ፣ ክፍሉ ካልሞቀ የትኛውም ፕሮባዮቲክ ጫጩቷን አያድናትም። ሙቀትና ንጽሕና ይቀድማሉ፤ ባክቴሪያው ይከተላል። ይህ ትምህርት ከባለጠጋ ሳሎን ወጥቶ ጋይንት ድረስ የሚሠራ ነው።

አቋራጩ መንገድ

የዓለም የዶሮ ኢንዱስትሪ ግን የኑርሚን መንገድ ከማየቱ በፊት ሌላ አቋራጭ አግኝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 እና 1950 በአሜሪካ ሌደርሌ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ስቶክስታድና ጁክስ፣ የአንቲባዮቲክ ምርት ተረፈ ምርት የበሉ ጫጩቶች ፈጥነው እንደሚያድጉ አዩ። ከዚያ በኋላ አንቲባዮቲክ እንደ ጨው መኖ ውስጥ ገባ። ባዶውን ቤት በጥሩ ነዋሪ ከመሙላት ይልቅ በየቀኑ በርበሬ ማጠን ማለት ነው። ተሕዋስያኑ በርበሬውን ለመዱት። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1986፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከጥር 1 ቀን 2006 ጀምሮ አንቲባዮቲክን ለማሳደጊያ ብሎ መኖ ውስጥ መጨመርን አቆሙ። ፕሮባዮቲክ እንደገና የተፈለገው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ ገጠር አቋራጩ ሌላ መልክ አለው። ዶሮ ስትታመም ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ሎሚ፣ አረቄ ይሰጣታል፤ ከዚያ ደግሞ ከሱቅ የተገዛ የቴትራሳይክሊን እንክብል ተፈትቶ በውኃ ይበጠበጥላታል። ሴቶቹን የሚወቅስ ካለ በመጀመሪያ ከቀበሌያቸው እስከ ቅርቡ የእንስሳት ጤና ኬላ በእግሩ ሄዶ ይመለስ። ሰው ያለውን ነው የሚሰጠው። ግን እውነቱ መነገር አለበት። ፈንግል የቫይረስ በሽታ ነው፤ ቴትራሳይክሊን አይነካውም። መድኃኒቱ የሚነካው በአንጀት ውስጥ ያሉትን ጥሩዎቹንም መጥፎዎቹንም ባክቴሪያዎች ነው። የተረፉት መድኃኒቱን የለመዱት ይሆናሉ፤ ቅሪቱም በእንቁላሉ በኩል ወደ ልጆች ገበታ ይመጣል።

እርሾ፣ እርጎ፣ አተላ

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው "ታዲያ እኛ ፕሮባዮቲክን ከጥንት ጀምሮ እናውቀው የለም ወይ?" ይላል። ግማሽ እውነት አለው። የሜችኒኮፍ እርጎ ከጋይንት እርጎ በመርህ አይለይም። የጤፍ ቡኮ እንዲኮመጥጥ የሚያደርጉት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች መሆናቸውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ብርሃኑ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1985 አሳትመዋል። ሞገሴ አሸናፊ ደግሞ እርጎን፣ አይብን፣ ጠላን፣ ጠጅንና እንጀራን ለዓመታት በማይክሮስኮፕ ሥር ተመልክተዋል። የጠላ አተላ ለላምም ለዶሮም ይሰጣል፤ ገብስ በሚበቅልበት ጋይንት ይህ የተለመደ ነው።

ግማሹ እውነት ግን ግማሽ ነው። እንጀራው ምጣድ ላይ ሲወጣ የእርሾው ተሕዋስያን በሙቀት ይሞታሉ። አተላ ጥሩ መኖ ነው፤ ነገር ግን አልኮል አለው፣ ከሰነበተ ይሻግታል፣ የሻገተ ደግሞ ለጫጩት መርዝ ነው። እርጎና እርሾ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ለወተትና ለጤፍ የተመቹ ናቸው፤ ለጫጩት አንጀት የተመቹ መሆናቸው በፍተሻ መታወቅ አለበት። በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ወንድምነህ እሳቱና ባልደረቦቻቸው በጃፓኑ ቴሩዎ ሂጋ የተጀመረውን "ኢ.ኤም." የተባለ የተሕዋስያን ድብልቅ በዶሮ ላይ ፈትሸዋል። እንዲህ ዓይነት ሙከራ የአገሩን እርሾና እርጎ ይዞ፣ እንደ ጋይንት ባለ ብርዳም ደጋ፣ በሐበሻ ዶሮና በማሽን ጫጩት ጎን ለጎን ቢደረግ ለአገር የሚጠቅም ነው። እስከዚያ ድረስ "የእናቶቻችን ፕሮባዮቲክ" ብሎ መሸጥ ንግድ እንጂ ዕውቀት አይደለም።

የኑርሚን ግኝት ሰምቶ የትልቅ ዶሮ ኩስ ሰብስቦ ለካርቶን ጫጩት መበተንም አደጋ ነው። ኑርሚ ዶሮዎቹን መርጦ ነበር፤ በኋላ የመጡት የፋብሪካ ምርቶችም በሽታ እንደሌለባቸው ይፈተሻሉ። የመንደር ኩስ ውስጥ ከጥሩው ነዋሪ ጋር ኮክሲዲያና ነጭ ተቅማጥ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

በጋይንት ደጋ የሚገድለው ምንድን ነው?

የበቀቀን አርቢዎች ትምህርት እዚህ ይጠቅማል፤ ቅደም ተከተሉ መታወቅ አለበት። የመጀመሪያው ገዳይ ብርድ ነው። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች። ከጉና ተራራ ሥር የሚነፍሰውን የሌሊት ነፋስ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። መብራት በሌለበት ወይም ሲመጣ ሲሄድ በሚውልበት ቀበሌ ኤሌክትሪክ ማሞቂያ ወሬ ነው። ለዚህ የአገር ልጅ መልስ አዘጋጅቷል። የጅማ ዩኒቨርሲቲው ሰለሞን ደመቀ ያጠኑትና ያስተዋወቁት የድርቆሽ ሳጥን፣ ግድግዳው በድርቆሽ ተሞልቶ ጫጩቶቹ በራሳቸው ገላ ሙቀት እንዲሞቁ ያደርጋል። መብራት አይፈልግም፣ ከሰል አይፈልግም፤ አናጺና ድርቆሽ ብቻ።

ሁለተኛው ፈንግል ነው። በቢሾፍቱ የሚመረተው የተለመደው ሕያው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት፤ አንዱ ብልቃጥም ለብዙ ዶሮ የሚሆን ነው። አምስት ዶሮ ያላት ሴት መቶ ዶሮ የሚከተብበትን ብልቃጥ ምን ታድርገው? በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው "አይ-2" የተባለው ሙቀትን የሚታገሥ ክትባት ለዚህ ዓይነት አገር የታሰበ ነው፤ በዓይን ጠብታ ይሰጣል፣ የመንደር ሴትም ልትሰጠው ትችላለች። ነገር ግን ጎረቤት ከጎረቤት ተነጋግሮ በአንድ ቀን ካላስከተበ ብልቃጡ ይባክናል። ስለዚህ ክትባቱ ከመድኃኒት ይልቅ የአደረጃጀት ጉዳይ ነው፤ ዕድርና ማኅበር ያለው ሕዝብ ደግሞ አደረጃጀት አያጣም።

ሦስተኛው ጦርነት ነው። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ነፋስ መውጫን ለዘጠኝ ቀን ያህል ይዘው በቆዩበት ጊዜ ሴቶች ተደፈሩ፣ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ ጉዳዩን አምነስቲ ኢንተርናሽናል መዝግቦታል። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ወቅት ጀምሮ ደግሞ ክልሉ በሌላ ጦርነት ውስጥ ነው። መንገድ ሲዘጋ የአንድ ቀን ጫጩት የሦስት ቀን ስንቋን መኪና ላይ ትጨርሳለች። ባለሙያ ከቀበሌ ሲርቅ ክትባት ይቀራል። ሰው በሚሞትበት ዘመን ስለ ጫጩት መናገር ቅንጦት የሚመስለው ይኖራል። ግን ከጦርነት በኋላ ቤት የሚቆመው ከምንድን ነው? በሬ ለመግዛት ዓመታት ይፈጃል። መጀመሪያ ወደ ግቢ የምትመለሰው ዶሮ ናት።

እናቲቱን ወደ ተረቱ መመለስ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚወጣው መደምደሚያ "ማሽኑ ይሰበር" የሚል አይደለም። ከ50 ሚሊዮን በላይ ዶሮ ያለባት፣ ሕዝቧ የሚበላው እንቁላል ግን እጅግ ጥቂት የሆነባት አገር ማሽን ያስፈልጋታል። መሆን ያለበት፣ ማሽኑ ያስቀረውን ሥራ የሚሠራ አካል መሰየም ነው።

ጥሩ ጅምር አለ። ላለፉት አሥር ዓመታትና ከዚያ በላይ በኢትዮጵያ የተለመደው አሠራር፣ የአንድ ቀን ጫጩት በቀጥታ ለገበሬ ከመስጠት ይልቅ ለአሳዳጊዎች ሰጥቶ፣ ተከትባና ሞቃ 45 ቀንና ከዚያ በላይ ከሞላት በኋላ ለገበሬ መሸጥ ነው። እነዚህ አሳዳጊዎች፣ ብዙዎቹ ወጣቶችና ሴቶች፣ የዘመኑ ታቃፊዎች ናቸው። ኪሳራው በእነሱ ላይ ስለሚወድቅ ግን ብድርና መድን ይገባቸዋል። ደጋ ላይ ለሚሠሩት ደግሞ የድርቆሽ ሳጥን፣ ንጹሕ ውኃና የተፈተሸ ፕሮባዮቲክ በዋጋው ማግኘት ይኖርባቸዋል።

ሌላም አለ፤ ከመንደር የተገኘ ነው። የሐበሻ ዶሮ ታቅፋ እያለች በሌሊት የማሽን ጫጩት ከሥሯ ቢገባላት ብዙ ጊዜ እንደ ልጇ ትቀበላለች። የተከተበች፣ ጤናማ ታቃፊ ሙቀቱንም፣ ትምህርቱንም፣ ኑርሚ በቤተ ሙከራ የፈለገውን ውርስም በአንድ ክንፍ ትሰጣለች። ይህ ለሺህ ጫጩት አይሆንም። ለአሥር ጫጩት ግን ይሆናል፤ የጋይንት ጎጆ ደግሞ የሚፈልገው አሥር ነው።

ከሁሉ በፊት መለወጥ ያለበት ግሡ ነው። ወረዳው "ተሰራጨ" ብሎ ሪፖርት ሲያደርግ፣ የሚቀጥለው ጥያቄ "በስልሳኛው ቀን ስንት አለች?" የሚል ይሁን። ይህን የሚጠይቅ ካለ ብርዱም፣ ብልቃጡም፣ መንገዱም፣ ባዶው አንጀትም በራሳቸው ጊዜ ወደ ጠረጴዛው ይመጣሉ። ካልተጠየቀ ግን ካርቶኑ በየዓመቱ ነፋስ መውጫ ይደርሳል፤ ጫጩቶቹም በየዓመቱ ይቀበራሉ።

እንቁላል በእግሩ መሄዱ እውነት ነው። ግን ቀስ በቀስ ብቻውን ሄዶ አያውቅም።